የይገረም አለሙ ሕይወትና «ዞር በሉ» የሚለው ጋሪ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ፀሐዩ እንደበረታባችሁና እግራችሁም በመቆም እንደዛለ እናውቃለን፤ ሆኖም ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ብትሰሙን ይህ የሃያ አራት ዓመት ሕይወት ድካማችሁን የሚያስረሳ ታሪክ አለው። ደግሞም ከትናንት ጀምሮ በሰፈሩ የሚናፈሰው ወሬ ሥር ሳይሰድ እውነቱን ማስረዳት ግድ ሆኖብናል። «አንተ» እያልን የኖርነውን ልጅ ዛሬ በአንቱታ ስናነሣ አፋችን ቢከብደውም፣ እናታቸው «ለልጄ ከእንግዲህ የምሰጠው ሌላ ማዕረግ የለኝም» ስላሉ እንዲሁ ይነበባል።

ወጣት ይገረም አለሙ ከአባታቸው ከአቶ አለሙ ኪዳነወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሠርኬ ገብረ ኢየሱስ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ኅዳር 12 ቀን 1994 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በአትክልት ተራ የድንችና የሽንኩርት ጆንያ እየተሸከሙ ቤተሰቡን ሲያስተዳድሩ፣ ይገረም በስድስት ዓመታቸው የቤቱን ሬዲዮ «ውስጡ ማን እንዳለ ልይ ብዬ ነው» ብለው ፈታቱት፤ መልሰው ሲገጥሙት ሦስት ብሎን ቢተርፋቸውም፣ ሬዲዮው ከበፊቱ አጥርቶ መናገሩን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። በዚያው ዕድሜያቸው ጉሮሯቸው እየቆሰለ በየጊዜው ያተኩሳቸው ነበር፤ በሎሚና በዝንጅብል ስለሚሻላቸው ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ትምህርታቸውን በዚያው በሰፈራቸው ተከታትለው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ ነጥባቸው ለምህንድስና ባለመብቃቱ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። በስምንተኛው ቀን ግን ተነሥተው፣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ እንደገና ሥራ ወደሚያገኝበት ወደ ምናለሽ ተራ ሄዱ፤ ከዚያም የተሰባበረ የፕሪንተርና የመኪና ዕቃ ከሚሸጠው ከልብ ጓደኛቸው ከሙስዓብ ሱቅ ጀርባ ባለች ኮንቴነር ውስጥ ስልካቸውን ደግፈው አቁመው፣ የማሽን አሠራር ቪዲዮ እያዩና እየሞከሩ፣ እያቃጠሉና እንደገና እየጀመሩ ራሳቸውን አስተማሩ። «ኢንጂነር» የሚለውን ስም የሰጣቸው መርካቶ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እናስረዳ። ሮቦት ማለት ብዙዎቻችን እንደምንገምተው ሰው የሚመስል የብረት አሻንጉሊት ብቻ አይደለም፤ አካባቢውን የሚለይበት፣ የሚወስንበትና የሚንቀሳቀስበት መላ ያለው መሣሪያ ሁሉ ሮቦት ሊባል ይችላል። ይገረም የአባታቸው የጋሽ አለሙ ወገብ ከሸክም ብዛት አልታጠፍ ባለ ጊዜ፣ ተሸካሚውን ከኋላ ተከትሎ ጆንያ የሚያደርስ ጋሪ ለመሥራት ተነሡ፤ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ገጠሙለት፤ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በመቀበል ርቀት የሚለካ ዓይንም አበጁለት፤ ከተሸካሚው በቀር ሌላ ሰው ከፊቱ ካለም እንዲቆም አደረጉት።

ስሕተቱም ይኸው ነበር። ጋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ መርካቶ ሲወጣ ከፊቱ ሰው ያልነበረበት ቅጽበት ስላልነበረ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ሙስዓብም በሳቅ እየፈረሰ «ኢንጂነር፣ ይሄ ልጅህ በጣም ጨዋ ነው! መርካቶ ላይ ሰው እስኪያልፍ ከጠበቀማ ጡረታም እዚሁ ነው የሚወጣው» አላቸው። ይገረም ግን ሳይቀየሙ ጋሽ አለሙን ኮንቴነሯ ውስጥ አስገብተው «ዞር በሉ!» አሰኝተው ድምፃቸውን ቀዱ፤ ጋሪው ሰው ሲያይ ቆሞ እንዲጣራ፣ መንገድ ሲያገኝም ቀስ ብሎ እንዲያልፍ አደረጉት። በማግስቱ ሰዉ ግራና ቀኝ ዞር እያለለት፣ ድምፃቸውን የሰማው ሁሉ ጋሽ አለሙ ወዴት እንዳሉ በዓይኑ ሲፈልግ ያየ ሰው አይረሳውም።

ትዳር ለመያዝ አልደረሱም፤ ልጅም አልወለዱም። ነገር ግን ላለፉት ሁለት ዓመታት በየቅዳሜው አሥራ አራት የሰፈር ልጆች ሮቦት መሥራት ሊማሩ በኮንቴነሯ ይሰበሰቡ ነበር፤ ደንቡም አንድ ነበረ፦ ባትሪው ተነቅሎ ከማዶው መደርደሪያ ላይ ሳይቀመጥ ማንም ብረቱን አይነካም።

ከገና በኋላ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። እናታቸው ሐኪም ጋ እንሂድ ብለው ቢለምኗቸው «እማዬ፣ ይቺን ጋሪ ልጨርስና» ይሉ ነበር። ትናንት ረቡዕ፣ የካቲት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ረፋድ ላይ ሙስዓብ ሻይ ይዞ ሲገባ፣ እጃቸውን በጋሪው ላይ እንዳሳረፉ፣ በተቀመጡበት ዐርፈው አገኛቸው።

ወሬው የተነሣው ከዚያች እጅ ነው። «ማሽኑ በላው» ተባለ፤ ማታውን ልጆቹ ኮንቴነሯ አጠገብ ድርሽ እንዳይሉ ተነገራቸው። ሴት ልጃቸውን በየቅዳሜው ሲልኩ የነበሩት እትዬ ሀምዲያ እንኳ በልቅሶው ላይ «ብረት ልጄን እንዳይወስድብኝ ፈራሁ፤ ትፈርዱብኛላችሁ?» ብለው አልቅሰዋል። አንፈርድም። ጋሽ አለሙም ኮንቴነሯን ቆልፈው «ቅዳሜ አንድ ልጅ እንኳ ከመጣ እከፍታለሁ፤ ካልመጣ ሰኞ ለቁራሌው ይጫን። ማንም የሚፈራውን ነገር በር ላይ አላስቀምጥም» ብለዋል። እኛንም ያስጨነቀን ይኸው ነው፤ ከቅዳሜ በፊት የቀረን አንድ ቀን ብቻ ነውና።

እውነቱ ይህ ነው፦ ሙስዓብ ሲገባ ባትሪው ከማዶው መደርደሪያ ላይ ነበር። የሐኪሙ ወረቀት የሚለውም የልብ ክዳን ሕመም ነው። ልብ ደም የሚገፋ ፓምፕ ናት፤ የገፋችው ተመልሶ እንዳይፈስ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ ክዳኖች አሏት። በልጅነት የሚደጋገም የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ እነዚህን ክዳኖች ሊያበላሽና ዓመታት ቆይቶ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ፍርሃታችሁ ትክክል ነው፤ ያሳረፋችሁበት ቦታ ግን ተሳስቷል። ልጃችሁ ጉሮሮዬን አመመኝ ሲላችሁ ፍሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሩጡ።

ወጣት ይገረም አለሙ አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ አንዲት እኅታቸውን እምነት አለሙን፣ ጓደኛቸውን ሙስዓብንና አሥራ አራት ተማሪዎቻቸውን ትተው ተለይተውናል። አምላካችን የደከመች ልባቸውን በዕረፍት ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያኑርልን፤ ለወይዘሮ ሠርኬም ይህን ሌሊት የሚያሻግር ብርታት ይስጥልን፤ አሜን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ምናለሽ ተራ ኑ። ጋሪውን ከሩቅ ቆማችሁ አትዩት፤ ተጠጉና ዳስሱት፣ ጎማውን አሽከርክሩት፣ ልጆቹ እንዲያስረዷችሁ ጠይቋቸው፤ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ጋሽ አለሙ፣ እርስዎም ከትናንት ጀምሮ እንዳልነኩት አይተናል። በሩን ሲከፍቱ፣ ማንም ልጅ ሳይገባ፣ እባክዎ እርስዎ ይቅደሙና እጅዎን ያኑሩበት።