የማልታው ቀይ ወጥ

ከሰፈሬ ከዋይንላንድ ፓርክ ባስ ይዤ ወደ ልጄ ቤት ስሄድ፣ ፊቴ የተቀመጡ ሁለት የአገሬ ሴቶች ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ተዋወቁና ወሬ ጀመሩ። ትልቋ፣ ኮቪዱ ጋብ ሲል ከባሏ ጋር ማልታ ደርሳ መምጣቷ ነው።

«ማልታ ደግሞ የት ናት፣ እትዬ?»

«ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረበት ደሴት ናታ! መላጥያ ይላታል መጽሐፉ። ትንሽ ናት፤ ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀይር አገሩ አልቆ ባሕር ይመጣል።»

«ምግቡስ ተስማማዎት?»

«እሱን ተዪኝ። ባሌ አንድ ቀይ ወጥ ወደደ። ዶሮ መስሎን በየቀኑ አዘዝን። እኔ ሞኟ አሠራሩን ልማር ብዬ የምግብ ቤቱ ኩሽና ብገባ፣ አብሳይዋ ደስ ብሏት ጓሮ ወስዳ አሳየችኝ። ጆሯቸውን አቁመው ያዩኛል!»

«ጥንቸል?»

«ጥንቸል!»

«በስመ አብ! ጋሼስ ምን አሉ?»

«መች ነገርኩት! ሽሪምፕ የነካውን ሹካ ትራሽ የሚጥል ሰው ነው እኮ።»

«ታዲያ ዝም ይበሉ። ሳያውቁ የበሉት ምን ያደርጋል?»

«ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ያንን ወጥ እያወራ ማኅበርተኛውን በሙሉ ለማልታ ጉዞ ሪጅስተር አደረገው። ከፋሲካ በኋላ የንስሐ አባታችንም አብረው ሊሄዱ ነው።»

«ወይኔ! ዛሬውኑ ይንገሯቸው!»

«ትናንት ነገርኩት።»

«እሺ?»

«‹ጓሮውን እኔም አይቼዋለሁ። አባም ይብሉና ንስሐው ይቀለናል› ብሎኝ እርፍ!»

እኔ ጥንቸል ምን ምን እንደምትል ሳስብ መውረጃዬ አለፈኝ።