የወርቅዬ ዓይኖች

ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ በሚባልበት በዚያ ክረምት፣ ሠዓሊው አቶ ገሰሰ አትላስ አካባቢ ካለ ጠጅ ቤት ወጥተው ወደ ቦሌ ሚካኤል ሲያዘግሙ ከፀሐይነሽ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፀሐይነሽ የሟች ወዳጃቸው ልጅ ናት። በልጅነቷ ብሩሽ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ በኋላ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብታ ተመርቃለች። ዛሬ ግን ሊያዩዋት አልፈለጉም፤ ጠዋት በሯን ቢያንኳኩ አልከፈተችላቸውም ነበርና።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እትዬ ወርቅዬስ እንዴት ናቸው?» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«ሰላምታሽ ይቅርብኝ! ድምፄን እየሰማሽ አይደለም የዘጋሽብኝ? አባትሽ በሕይወት ቢኖር እንዲህ ታደርጊ ነበር?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ። ሰው ካልታመመ በቀር እስከ ስድስት ሰዓት ለማንም አልከፍትም፤ ለእናቴም ቢሆን።»

«ሥራ! ሥዕል እኮ ፈርመሽ የምትገቢበት መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ልጄ። መንፈሱ ሲመጣ ነው የሚሳለው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። የቅዱሳኑን ዓይን መጨረሻ ላይ ነበር የሚስሉት፤ ያውም መንፈሱ ሲፈቅድላቸው። እኔም ከሳቸው የወረስኩት ይህንኑ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዛለ። ቤታቸው ውስጥ የባለቤታቸው የወርቅዬ ሥዕል ተሰቅሏል። ነጠላዋ፣ የአንገቷ ማተብ፣ ፈገግታዋ ሁሉ አለ፤ ዓይኖቿ ብቻ የሉም። አቶ ገሰሰ ከተጋቡ ጀምሮ መንፈሱን እየጠበቁ ነው። ወርቅዬም «ያቺ ዕውር እንዴት አደረች?» እያለች ስትቀልድባቸው ኖራለች። አሁን ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ከመለሷት ወዲህ ቀልዱንም ትታዋለች። አቶ ገሰሰ ጠጅ ቤት የሚያመሹት ያንን ግድግዳ ላለማየት ነበር።

ካፊያ ስለጀመረ ሁለቱም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለሉ። ከራሳቸው በላይ አቶ ገሰሰ በቀይ ቀለም የጻፉት መፈክር ተዘርግቷል።

«ይህንን መቼ ጨረሱት፣ ጋሼ?»

«ባለፈው ሳምንት፤ በቀጠሮው ቀን ነዋ! ካልደረሰ ያስጠይቃል።»

«መንፈሱ መጥቶልዎት ነበር?»

«የምን መንፈስ! የመጣው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው።» ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

«እንግዲያው ፈርተው ሲሆን በየቀኑ ለሥራ መቀመጥ ይችላሉ ማለት ነው። ለእትዬ ወርቅዬስ ለምን አይቀመጡም?»

«እሷን በዚህ አታንሺብኝ!»

«ላስቆጣዎት ብዬ አይደለም። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አባትዎ መንፈሱን እንዴት ነበር የሚጠብቁት?»

አቶ ገሰሰ ትንሽ አሰቡ። «ማለዳ ተነስተው ይጸልያሉ። ከዚያ ሰሌናቸው ላይ ተቀምጠው ቀለማቸውን ይበጠብጣሉ። ቀኑን ሙሉ ከሥዕሉ ፊት አይነሱም።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«እናቴ ደጅ ላይ ሆና ‹ሥራ ላይ ናቸው› ብላ ትመልሳለች።» ይህን ከአፋቸው ካወጡ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ።

«አባትዎም ጠብቀዋል፤ ግን ብሩሻቸውን ይዘው ነው። መንፈሱ እርስዎን ፈልጎ ቢመጣ የት ያገኝዎታል? የእኔ እጅ ከእርስዎ አይበልጥም፣ ጋሼ። ጠዋት ጠዋት ከምስለው አብዛኛው ይጣላል። ነገር ግን ሐሳቤን ከወሬው ሰብስቤ ስቀመጥ ትናንት ያላየሁትን አያለሁ። ደህናው የሚመጣው ከሚጣለው በኋላ ነው።»

«ቢበላሽብኝስ?» አሉ አቶ ገሰሰ ዝግ ባለ ድምፅ። «ዓይኗን ባበላሸው እሷን ያጠፋኋት ይመስለኛል።»

«ይበላሽ፤ ፍቀው እንደገና ይሳሉ። ጨርሶ ያልተጀመረውን ግን በምን ያርሙታል?»

እውነቱ ይኸው ነበር። አቶ ገሰሰ መንፈስ መጠበቅ የሚሉት ፍርሃታቸውን ኖሯል። ስንት ባለ እጅ ዕድሜውን እንዲህ እያለ ጨርሷል!

በማግሥቱ ሥዕሉን አውርደው ከወርቅዬ አልጋ አጠገብ አቆሙት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» አለች።

«ቀና በይና እዪኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ተቀመጡ። ሳሉ፣ ፋቁ፣ እንደገና ሳሉ። የጠጅ ቤት ወዳጆች ሊጠሯቸው ሲመጡ ወርቅዬ ካልጋዋ ላይ ሆና በደከመ ድምፅ «ሥራ ላይ ነው!» ትላቸዋለች። እንዲህ ስትል ፊቷ ይበራል። ስትስቅ የግራ ዓይኗ ቀድሞ እንደሚጠብ አቶ ገሰሰ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን ልብ አላሉም ነበር፤ አሁን አወቁ። የቀኙ ሲያልቅ አሳዩዋት።

«ከዕውርነት ወደ አንድ ዓይናነት! እድገት ነው» አለች። ቀልዷ ተመለሰ። የግራው ግን ሳይደርስ ቀረ፤ ወርቅዬ በዓሉ ሳይገባ አረፈች።

ከቀብሩ ማግሥት ለቀስተኛው ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠ አቶ ገሰሰ ማለዳ ተነስተው ጓዳ ገቡና ቀለም መበጥበጥ ጀመሩ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረሰንበት ተከትለዋቸው ገቡ።

«ምነው ገሰሰ! አፈሩ ሳይደርቅ ቀለም ታነሳለህ? ሰው ምን ይላል?»

«ወንድሜ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ አብሬያችሁ አለቅሳለሁ። ይህ ሰዓት የሷ ነው። ያለችኝ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ናት፤ እሷንም ፈርታ ነው የተነሳችው። እኔን የምታይበትን ዓይን እጄ የለመደው በእነዚያ ጠዋቶች ነው። ያን ጊዜ ባልቀመጥ ኖሮ ዛሬ ከየት አመጣው ነበር? ቀደም ብዬ ጀምሬ ቢሆን ደግሞ ሁለቱንም አይታ ትሄድ ነበር። ይህ እስክሞት ይቆጨኛል። ልጆችህ ለጥበብ ካደሉ፣ ገብረሰንበት፣ መንፈስ ጠብቁ አትበላቸው፤ በየቀኑ ይቀመጡ፤ በር ዝጋላቸው።»

 አቶ ገብረሰንበት ነጠላቸውን አጣፍተው ቀስ ብለው ወጡ። ፀሐይነሽ ከለቀስተኛው መካከል ተነስታ የጓዳውን በር ዘጋችና ደጁ ላይ ቆመች፤ አቶ ገሰሰ የት አሉ ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ «ሥራ ላይ ናቸው» አለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የግራው ዓይን አለቀ፤ ያ ቀድሞ የሚጠበው። አቶ ገሰሰ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ወርቅዬ አየቻቸው። ያን ጊዜ በሩን ከፍተው ወጡና ፍራሹ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።