የዶክተሩ አጥንት ቆጠራ

ግቢ እንጂ ሂያም እህቴ፣ በሩ ላይ ምን ያቆምሻል? የአዋሽ ፀሐይ እንደሆነ ለማንም አታዝንም። ነይ ከማራገቢያው ስር ተቀመጪ… መብራት እስካለ ድረስ ነው እንግዲህ። ቀዝቃዛ ውሃ ልስጥሽ? የመጣሽው ለስኳር ነው አይደል? ስኳርማ ሞልቷል፣ የጠፋው ሌላ ነው።

ወንድሜ አህመዲን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ያው የተሳቢ መኪና ረዳትነቱ ላይ ነው፤ ትናንት ከተሳቢው ወርዶ ፊቱን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ። ስለ ልጁ ስለ ኢናስ አልጠየቅሽኝም… እኔው ልንገርሽ፣ እሷም ደህና ናት።

እኔ የምልሽ፣ ሐኪም የሚሆኑ ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አጥንት ነው አሉ! በሽታ አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም፣ አጥንት። ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት እየቆጠሩ ስሙን በቃል ይይዛሉ። ሰመራ የሚማር አንድ ልጅ ነው የነገረን… ኧረ ተይ፣ ምን አስደነገጠሽ? ሰመራ የሚማር ሁሉ ያንቺ ልጅ ነው እንዴ? ስንት የሰው ልጅ አለ!

ይሄ የምልሽ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ማሻአላህ። አምና ለእረፍት ሲመጣ ትምህርቱን የሚከልሰው በኢናስ ክንድ ላይ ነበር። «ይቺ አጥንት እንዲህ ትባላለች፣ ይቺ ደግሞ እንዲህ…» ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ ክርኗ ጋ ሲደርስ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ እህህ እያልኩ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ምን ላድርግ፣ ትምህርት ነው! ልብ አራት ክፍል እንዳለው የነገራትም ያኔ ነው። «አራቱም ክፍል ያንቺ ነው» ብሏት፣ ልጅቷ ስንት ፈላጊ መለሰች መሰለሽ።

ጋዋኑንስ አይተሽለታል? ነጭ፣ የተተኮሰ። በዚህ ሙቀት ሳያወልቀው አስፋልት ዳር ሲንጎራደድ፣ ከሚሌ የመጣ አንድ ሹፌር ሥጋ ቆራጭ መስሎት «ወንድም፣ ከጎድኑ ግማሽ ኪሎ ቁረጥልኝ» አለው አሉ። እኔ ሹፌሩን ነው የተቆጣሁት። ሐኪምና ሥጋ ቆራጭ እንዴት አይለይም? ሥጋ ቆራጭ እኮ አጥንት አይንቅም፣ ከሥጋው ጋር አብሮ ነው የሚመዝንልሽ።

እና ባለፈው ጁምዓ ሽማግሌ ይመጣል ተብሎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ፍየል ታርዶ ስንጠብቅ… ሽማግሌ ቀረ፣ ቃል መጣ። «የልጅቷ አጥንት ይጣራ» አሉ! እኔ ሞኟ ወድቃ ተሰብራ ይሆን ብዬ እጇን አገላብጬ አየሁ። ለካ ልጁ ትምህርቱን ገፍቶበት ኖሯል! አምና የእሷን አጥንት ቆጠረ፣ ዘንድሮ የአያት የቅድመ አያቷን ጀመረ። የጎማ ቀያሪ ረዳት ልጅ ለዶክተር አትመጥንም ተባለ። የሚገርመኝ፣ ፍራሹንና ባልዲውን ተሳቢ ላይ ጭኖ ሰመራ ማደሪያው ድረስ ያደረሰለት ያው ረዳት ነው። ያን ቀን አጥንቱን ያጣራ አልነበረም፣ ትከሻው ብቻ ነበር የተፈለገው።

ቅር ብሎኝ አይደለም! ግን ራሱ መጥቶ ቢነግራት ምን ነበረበት? ሬሳ ሲከፍት እንኳ አይፈራም አሉ። መናኸሪያው ላይ ኢናስን ሲያያት ግን ስልኩ ውስጥ ተደበቀ። ሐሞት የት እንደሚገኝ ገና አላስተማሩትም ይሆን? ከፍ ሲል ይደርስበታል… አይዞን። ቃሉን ማን እንደላከ ደግሞ እኔ ምን አውቄ! ልጅ ምን ያድርግ፣ እቤቱ ያላገኘውን ሰመራ ከየት ያምጡለት?

ኢናስማ አለቀሰች፣ አልዋሽሽም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ዛሬ ጠዋት ግን ክንዷን እያሻሸች «አክስቴ፣ የአጥንቶቹን ስም ሁሉ ረሳሁት» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

እንዴ፣ ተነሳሽ? ስኳርሽን ያዢ እንጂ! ሱልጣና ነገረኛ ናት እንዳትይኝ፣ ስለ ሰው ልጅ ነው የማወራው። ደግሞ ዱዓ ሳላደርግለት አትሄጂም፣ እጅሽን ዘርጊ… አላህ ያንን ልጅ የልብ ሐኪም ያድርገው! ስሙ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ይጠራ፣ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። በዚያ በማዳመጫው የሰው ልብ ሲያዳምጥ ይኑር… ብቻ አደራ፣ በራሱ ደረት ላይ አይሞክረው፤ ምንም ድምፅ ሲያጣ ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። አሚን አይባልም እንዴ፣ የዶክተር እናት?