አደራ የተባለው ላፕቶፕ

እዚህ ውጭ አገር የኮሌጃችን ላይብረሪ ግድግዳ ሁሉ «ላፕቶፕዎን ጥለው አይሂዱ» የሚል ተለጥፎበታል። እኔን ደግሞ ሽንት አጣደፈኝ። ሶ፣ አጠገቤ እንግሊዝኛ የሚያጠኑ አንድ ሐበሻ ሰውዬ ነበሩና «ጋሼ፣ ላፕቶፔን ይዩልኝ፣ አደራ!» ብዬ ሮጥኩ። ስመለስ ጋሼም የሉ፣ ላፕቶፑም የለ! ነገ የማስረክበው ጽሑፍ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ጩኸቴን ልለቀው ስል ጠረጴዛው ላይ ብጣሽ ወረቀት አየሁ፦ «ልጄ፣ የሥራ ሰዓቴ ደረሰ። አደራ ጥዬ መሄድ ስላልሆነልኝ ይዤው ሄጃለሁ። አድራሻዬ ከጀርባው አለ።»

ሁለት ባስ ቀያይሬ ሶዶ የሚባለው የከተማችን ሰፈር ደረስኩ። ጋሼ ለካ የመጋዘን ጥበቃ ናቸው፤ በሩ ላይ ላፕቶፔን በጃኬታቸው ጠቅልለው ታቅፈውት ተቀምጠዋል። ላመሰግን አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ለማታውቂው ሰው ላፕቶፕ ጥለሽ ትሄጃለሽ? ሌባ ብሆንስ?»