ሐሙስን የማይጠብቅ አቤቱታ

ሌባ ይመስገን አይባልም እንጂ፣ ብስክሌቴን የወሰደው ሰው ባይኖር ኖሮ የዚያን ማክሰኞ ክርክር ሳልሰማ በቀረሁ ነበር። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ሄጄ ዳቦ እገዛለሁ። የዚያን ዕለት ከዳቦ ቤቱ ስወጣ ዳቦው በእጄ አለ፣ ብስክሌቱ ግን የለም። ግራ ቀኝ አየሁ፣ ባለሱቁን ጠየቅሁ፣ ጥቂትም ተራገምኩ። በመጨረሻ ዳቦዬን እንደታቀፍኩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አመራሁ።

የጣቢያው በር ላይ አንዲት የማውቃት ሴት ቆማለች። ከሠፈራችን ሜዳ ላይ መኪና መንዳት ታስተምራለች፤ ልጄን መሪ ያስጨበጠችው እሷ ናት። ተማሪ ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥባት እንኳ «አይዞህ፣ መንገዱ አይነክስም» እያለች የምትስቅ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ልግባ አልግባ እያለች ታመነታለች።

«ደህና አደርሽ ልጄ? አንቺንም ሰረቁሽ እንዴ?» አልኳት።

«ምነው በሰረቁኝ ጋሼ» አለች። «አንድ ሰው በስሜና በፎቶዬ ገጽ ከፍቶ፣ ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ይለጥፍብኛል። ከሥሩ ስልክ ቁጥሬን ያስቀምጣል፤ የማላውቃቸው ወንዶች ሲደውሉልኝ ይውላሉ። ለእኔ ለብቻዬ የሚልከው ደግሞ አለ፤ እሱ ይብሳል። መጥቼ ስናገር ‹የስልክ ጉዳይ የሚታየው ሐሙስ ነው› አሉኝ። ሐሙስ መጣሁ፤ ወረፋው ሳይደርሰኝ መሸ። ዛሬ ለተማሪዎቼ አሞኛል ብዬ ቀርቻለሁ። ዛሬም ካልሰሙኝ መኪናዋን ሸጬ ከዚህ ሠፈር እወጣለሁ።»

በዚያች መኪና እናቷን እንደምታስታምም፣ ታናሽ እኅቷንም እንደምታስተምር አውቃለሁ። አንጀቴን በላችኝ። «ነይ፣ አብረን እንግባ» አልኳት።

የአቤቱታው ክፍል ሰፊ አይደለም። ረዥም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ጥግ ላይ ማራገቢያ ይንቋቋል፤ ግድግዳው ላይ «የስልክና የኢንተርኔት አቤቱታ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሽበታሙ ኢንስፔክተር በሠፈሩ «አባ የታለ» ይባላሉ። ማንም ተበደልኩ ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃላቸው «የታለ?» ነውና። የታለ ቁስሉ? የታለ የተሰበረው ቁልፍ? የታለ የተቆረጠው አጥር? በሌባ ነገር ግን አይታሙም፤ ሌባን ቤት ሳይገባ ገና ከአቋቋሙ ይለዩታል። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ሳጅን ተቀምጣለች። ከፖሊስ ኮሌጅ ከወጣች ብዙም አልቆየች፤ ስትናገር ዝግ ብላ ነው፣ የያዘችውን ነገር ግን አትለቅም።

«መምህር፣ ይቀመጡ። ምን ጠፋብዎ?» አሉኝ ኢንስፔክተሩ።

«ብስክሌት።»

«ቀለሙ?»

«አረንጓዴ። መቀመጫው በሽቦ የታሰረ።»

ደስ ብሏቸው ወደ ሳጅኗ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ አቤቱታ ማለት እንዲህ ነው። ቀለም አለው፣ ጎማ አለው፣ ሽቦ አለው።» እኔም ኮራሁ። ሰው በተሰረቀ ንብረቱ ሲመሰገን ለምን እንደሚኮራ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሳጅኗ ግን ከኋላዬ የቆመችውን ሴት አይታ ነበር። «ጋሼ፣ ከመምህር በፊት እሷን ብንሰማትስ? ባለፈው ሐሙስ ሳይደርሳት የተመለሰችው ናት።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ልክ ነው። የሚያስቸግራት ሰው ግን ቀን የሚመርጥ አልመሰለኝም።»

ኢንስፔክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ንቄያት አይደለም። ያሉን ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስድብ ሁሉ ክስ ይሁን ካልን ከተማው በሙሉ እስር ቤት ይገባል፤ ጠባቂውም ጭምር። መድኃኒቱ ስልኩን መዝጋት ነው። የተዘጋ ስልክ አይሳደብም።»

«ሌባ ያስቸገረውን ሰው ሱቅህን ዘግተህ ሂድ እንለዋለን ወይ?» አለች ሳጅኗ። «የእሷ ስልክ ሱቋ ነው፤ ተማሪ የሚያገኛት በእሱ ነው። ዝጊው ስንላት ሥራሽን ተዪ ማለታችን ነው። ሳናውቀው ለተሳዳቢው ፈረድንለት ማለት ነው።»

ይህ ነገር ነካኝ፤ እኔም ራሴ «ስልኩን ዝጊው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። አግዳሚው ላይ ወደተቀመጠ አንድ ቦርጫም ጎልማሳ አመለከቱ። «እሺ፣ እሱም የስልክ ጉዳይ ነው ይዞ የመጣው። እሱንም ከመምህር ላስቀድመው?»

ሳጅኗ ወደ ሰውየው ዞረች። «ጌታዬ፣ ምን ደረሰብዎ?»

«ስለ ኳስ ስንከራከር አህያ ብሎ ጻፈልኝ» አለ ሰውየው በምሬት። «ሰው እያየ!»

«ከዚያ በፊት ያውቅዎታል? ቤትዎን ያውቃል? መጥቼ እንዲህ አደርግሃለሁ ብሏል? እየደጋገመ ይከታተልዎታል?»

«የለም። ግን አህያ ብሎኛል።»

«እንግዲያው ከመምህር ብስክሌት በኋላ እናይዎታለን። መልእክቱን አያጥፉት፣ መልስም አይስጡት።» ሰውየው ቅር አለው፤ ያም ሆኖ የመስማማት ያህል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሳቅን፤ ኢንስፔክተሩም ሳያስቡት ፈገግ አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ እኔ ያልኩትን ነው ያልሽው» አሉ።

«ግማሹን ነው፣ ጋሼ። ስድብ እንደሚዘገይ እስማማለሁ። ደም የፈሰሰበት ሰው ቢመጣም እሱ ይቀድማል፤ አልከራከርም። እኔ የምጠላው ይህን ሐሙስ የሚል ወረቀት ነው። ስድቡንም፣ ዛቻውንም፣ ቀልዱንም በአንድ ጆንያ ከተን አሰርነው። ነገሩ የመጣው በስልክ ነው በበር ነው ብለን ከምንጠይቅ፣ ብንዘገይ ምን ይመጣል ብለን ብንጠይቅ አይሻልም?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ብስክሌትዎ ነገ ቢታይ ምን ይጎድላል?»

«እንዴ!» አሉ ኢንስፔክተሩ እኔን ቀድመው። «ነገማ ተፈታቶ፣ ጎማው ለብቻ፣ ፔዳሉ ለብቻ ተሽጦ ያድራል። የተሰረቀ ዕቃ ሳይቀዘቅዝ ነው የሚፈለገው።»

እውነታቸውን ነው፤ ብስክሌቴንም እወዳታለሁ። ግን ሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ብዙና ትንሽ መለየት አለመቻል ነውር ነው። «ብስክሌት ተፈታቶ ቢሸጥ ሌላ ይገዛል» አልኩ እየቆጨኝ። «ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ። ቢያንስ የተላከላትን ያንብቡት። ካነበቡ በኋላ ሐሙስ ትምጣ ካሉ እኔም ዝም እላለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ተነፈሱና እጃቸውን ዘረጉ። መንዳት አስተማሪዋ ስልኳን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሰለቸው ሰው ነበር የሚያነቡት፤ ስድብ ነው፣ ይኼም ስድብ ነው ይላሉ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። አንዱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«‹ሰማያዊውን አንሶላ አስጥተሽዋል። አንድ መቆንጠጫ ወድቆብሽ ዝቅ ብለሽ አላነሳሽውም።›» ቀና አሉ። «ልብስ የምታሰጪው የት ነው?»

«ከቤታችን ኋላ ያለው በረንዳ ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ።»

«ከመንገድ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ ከየት ይታያል?»

አሰበች። «ከበረንዳው ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ደረጃው ላይ መስኮት አለ። ከእሱ ብቻ ይመስለኛል።»

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ የነበረው መሰልቸት ጠፍቶ፣ ስለ ሌባ ሲያወሩ የሚይዛቸው ትኩረት መጣ። «ይኼ ሰውዬ እየተሳደበ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ቤት እያጠና ነው።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው» አለች ሳጅኗ። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ማታ ማታ የሰው አጥር ሥር ቢቆም ምን ያደርጋሉ?»

«ወጥቼ ምን ፈለግህ እለዋለሁ።»

«አጥሩን እስኪሰብር ይጠብቃሉ?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ለምን እጠብቃለሁ?»

«ይኼም ሰው አጥሯን እየነቀነቀ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? እኛም ሐሙስ ነይ ስንላት ብቻዋን መሆኗን አረጋገጥንለት። የመጨረሻውን ያንብቡት፤ ትናንት የላከውን።»

አነበቡት። «‹ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን፣ ብቻሽን ስትመለሺ እናወራለን። ሌላም ሰው ይዤ እመጣለሁ።›» ነገ ያለው ያን ዕለት ነው። ሐሙስ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ኢንስፔክተሩ ቆባቸውን አንሥተው ወደዚያ ሕንፃ ወጡ፤ ሳጅኗም ተከተለቻቸው።

እኔና አስተማሪዋ አግዳሚው ላይ ቀረን። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋት፤ ለባለ አህያውም ደረሰው። ልትበላ አልቻለችም። «ያመኑኝ ይመስልዎታል ጋሼ?» አለችኝ። «የስልክ ወሬ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ እያሉ እናቴ ሳትቀር ይቆጡኛል። እኔ ራሴ አብጄ ይሆን ማለት ጀምሬ ነበር።» አላበድሽም አልኳት።

እኩለ ቀን ሳይደርስ አንድ ወጣት ይዘው ተመለሱ። የደረጃው መስኮት ላይ ስልኩን እንደያዘ ነው ያገኙት። አስተማሪዋ ስታየው «አንተ ነህ?» አለች፤ በቁጣ ሳይሆን በመገረም። ለፈተና ገና አልደረስክም ብላ የመለሰችው ተማሪዋ ነበር። የተከፈተው ገጽ፣ ፎቶዋ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ተገኘ። እሱ ግን «ቀልድ ነው እኮ» አለ።

«ቀልድ ከሆነ» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ «እሷ ለምን አልሳቀችም?» ወጣቱ አብሮት ሊመጣ የነበረው ጓደኛው ማን እንደሆነም ወዲያው ተናገረ።

ወጣቱን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ኢንስፔክተሩ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ላባቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልባል ነበር» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ የታለ ስል ኖርኩ። የታለ ስል ሬሳ ላይ ልደርስ ነበር።» ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በገዛ እጃቸው ገነጠሉት። ሳጅኗ አልሳቀችባቸውም፤ ሰው ሲረታ አለመሳቅም ትልቅ ትምህርት ነው። «ልጄ፣ ያንቺን ጥያቄ ድገሚልኝ» አሏት። «ብንዘገይ ምን ይመጣል፣ ነው ያልሽው?»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ጣቢያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። አሁን ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ሰው ይቀድማል፤ አደጋው የመጣበት መንገድ በርም ይሁን ስልክ ለውጥ የለውም። ቀጥሎ እየተከታተለ፣ ቤትና ሰዓት እየጠቀሰ፣ ሌላ ሰው እየጠራ የሚዝት ይታያል። ከዚያ ሳይቀዘቅዝ የሚገኝ የተሰረቀ ዕቃ ይመጣል። ተራ ስድብ የመጨረሻው ነው፤ ባለቤቱ ግን ሐሙስ እየተባለ አይመላለስም፤ ማስረጃውን እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ ገጹንም እንዴት እንደሚያዘጋ በዚያው ቀን ይነገረዋል። ሌባ ፍለጋው ይላላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልላላም። እንዲያውም ሐሙስ ከሰዓት በወረፋ የሚባክኑት ፖሊሶች ለጎዳናው ተረፉ። የእኔም ብስክሌት በሳምንቱ ተገኘ፣ ያለ መቀመጫ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል ተማሪዎቼን ሳስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ለፖሊስም እንደሚሠራ ያየሁት ገና በጡረታዬ ነው።

ብስክሌቴን ልረከብ በሄድኩ ዕለት መንዳት አስተማሪዋም ቃሏን ልትፈርም መጥታ አገኘኋት። እየፈረመች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ኢንስፔክተሩ ሳይቀሩ ሁላችንም ቀና ብለን ተመለከትናት። ቁጥሩን አየችው፤ የማታውቀው ነው። ጥቂት ቆይታ አነሣችው።

«አቤት» አለች። «አዎ፣ አስተምራለሁ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና። ሜዳው ላይ፣ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ ነኝ፤ ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል።»