የጨርቁ ሌላ ጫፍ

ጉርኔክ ሲንግ በዚያ ዝናባማ ሐሙስ ከቤታቸው የወጡት አንድ የጥምጣም ጨርቅ ሊገዙ እንጂ ክርክር ሊገጥሙ አልነበረም። ነገር ግን ሰው ለአንድ ጉዳይ ወጥቶ በሌላ ተጠምዶ የሚውልበት ቀን አለና፣ የወይዘሮ ባልጂትን ጨርቅ ቤት በር ገፋ አድርገው ሲገቡ ባንኮኒው ላይ የጨርቅ ተራራ ተከምሮ አገኙ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ የሎሚ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። ከተራራው ማዶ የዝናብ ካፖርቷን ቆብ እስከ ቅንድቧ ያወረደች አንዲት ወጣት ቆማለች።

“የማን ሠርግ ነው?” አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። በእምነታቸው ሰዎች ዘንድ ይህን ያህል የጥምጣም ጨርቅ የሚገዛው የሙሽራው አጎቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ሊጠመጥሙ ሲያስቡ ነው።

“ሠርግ አይደለም ባባጂ፣ የትምህርት ቤት ነው” አለች ልጅቷ ሽማግሌ በሚከበርበት አጠራር፣ በትሕትና። “በሚመጣው ሳምንት ዓርብ የዓለም ባህሎች ቀን እናከብራለን። የምናዘጋጀው እኛው ተማሪዎቹ ነን። የፊሊፒንስ ጠረጴዛ አለ፣ የዩክሬን አለ፣ የሜክሲኮ አለ፣ የወንዙ ነባር ሕዝብ የስቶሎዎችም አለ። እኔና ስድስት ጓደኞቼ የያዝነው የጥምጣሙን ነው።”

“ጥምጣም ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?”

“ለመጣው ሰው ሁሉ ራሱ ላይ እናደርግለታለን። ከፈለገ ፎቶ ይነሣል።”

የሽማግሌው ፈገግታ እንደ መብራት ጠፋ። ወይዘሮ ባልጂት ይህን አይተው ጨርቅ መለካታቸውን ሳያቋርጡ፣ “ወንድም ጉርኔክ፣ ቁጣው ይቆይና መጀመሪያ ዣንጥላዎን ይዝጉት። ሱቄን እኮ ወንዝ አደረጉት” አሉ።

ጉርኔክ ዣንጥላውን ዘጉ፤ ነገሩን ግን አልዘጉም። “ስንት ሰው ትጠብቃላችሁ?”

“ሦስት መቶ ገደማ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ።”

“ሦስት መቶ! ልጄ፣ አንድ ጥምጣም በወጉ ለመጠምጠም አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ማንን ከማን ልታዳርሱ ነው?”

“ለእሱ መላ አግኝተናል” አለች ልጅቷ ደስ እያላት፣ ከተራራው ሥር አንድ ነገር መዘዘች። ተጠምጥሞ፣ በስፌት መኪና ዙሪያውን የተሰፋ ብርቱካናማ ጥምጣም ነው። “እትዬ ባልጂት ናቸው ሃያ እንዲህ ያለ የሰፉልን። ጥልቅ ማድረግ፣ ፎቶ መነሣት፣ ማውለቅ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።”

ጉርኔክ ነገሩን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ወይዘሮ ባልጂትን አዩ።

“እኔን አይዩኝ” አሉ ሴትዮዋ። “ለጭፈራ ቡድን ስሰፋ ሰምተው አያውቁም? ያዘዙኝን ነው የምሰፋ።”

“ለጭፈራ ሌላ ነው። ይሄ ግን…” ሽማግሌው ድምፃቸው ተቀየረ። “ስሚ ልጄ፣ ስምሽን አላውቅም፣ የማን ልጅ እንደሆንሽም አላውቅም። ይሄን በራስሽ ላይ ብታውቂው ኖሮ ለጨዋታ አታውዪውም ነበር። ነገ ጧት ለርዕሰ መምህሯ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የቤተ ጸሎቱ ሽማግሌዎች ሁሉ ይፈርሙበታል። ጠረጴዛችሁ አይቆምም።”

ጉርኔክ ይህን ያሉት ክፉ ሆነው አይደለም። የሚወዱትን ነገር ሌላ ሰው ሲነካባቸው፣ ነኪው ለምን እንደነካ ሳይጠይቁ እጁን መምታት የሚቀድማቸው ብዙ ደግ ሰዎች አሉ። እርሳቸውም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። የካፖርቷን ቆብ ወደ ኋላ ገፋችው። ከሥሩ ጥቁር፣ አነስ ያለች፣ በጥንቃቄ የተጠመጠመች ጥምጣም ነበረች።

“ስሜ ኪራት ነው” አለች። “በራሴ ላይ አውቀዋለሁ ባባጂ።”

ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩዋት። በዛሬ ጊዜ ጥምጣም የምትጠመጥም ልጃገረድ በከተማው በጣት የምትቆጠር ናት።

“ባለፈው ጥቅምት” ስትል ቀጠለች፣ “ኮልተን የሚባል የክፍሌ ልጅ በኮሪደር ከኋላዬ መጥቶ ጥምጣሜን መነጨቀኝ። ራሱ ላይ አደረገው፣ ፎቶ ተነሣ፣ ለሌላው አቀበለው። ፀጉሬ ወገቤ ላይ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ።”

“ባለጌ!” አሉ ወይዘሮ ባልጂት። መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት።

“እኔም እንደሱ ብዬው ነበር። በኋላ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ግን ምን አለ? ‘ኮፍያ መስሎኝ ነው። እኛ ሁልጊዜ ኮፍያ እንነጣጠቃለን’ አለኝ። አልዋሸም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል፤ አንድም ሰው ነግሮት አያውቅም። እኔም አልነገርኩት። ይሄን ጠረጴዛ የፈለግሁት ለዚያ ነው። ዳግመኛ ማንም እንዳይነካኝ።”

 ጉርኔክ ብርቱካናማውን ጥምጣም በዝግታ ባንኮኒው ላይ፣ በልጅቷ ፊት አስቀመጡት።

“ኮፍያ መስሎት ነበር አልሽ?”

“አዎ።”

“እና አሁን ኮፍያ አሰፍተሽ ልትሰጪው ነው?”

 ኪራት ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። ይህን ሁሉ ሳምንት ስለ ሰልፉ፣ ስለ ደቂቃው፣ ስለ ፎቶው ስታስብ ከርማ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በዚህ በኩል አላየችውም ነበር። ሥራን ለማቅለል የሚያወጡት ዘዴ ሥራውን ራሱን እንደሚያጠፋው የሚታየው ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ነው።

“ልክ ነዎት” አለች በመጨረሻ። “ስለ ስፌቱ ልክ ነዎት። ስለ ደብዳቤው ግን አይደሉም።”

“እንዴት?”

“ጠረጴዛው ባይቆም ኮልተን ምን ያውቃል?”

“ምንም አይወቅ! ባህል በቤት ነው የሚጠበቅ። እኛ በቤታችን እንጠምጥም፣ እነሱም በቤታቸው የፈለጉትን ያድርጉ። አደባባይ ያወጡት ነገር መቀለጃ ነው የሚሆነው።”

“እርስዎ ወደዚህ አገር ሲመጡ በቤትዎ ጠበቁት ባባጂ?”

ልጅቷ ይህን ስትጠይቅ የት እንደነካቻቸው አላወቀችም። ወይዘሮ ባልጂት አውቀው አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው ለደንበኛ የተቀመጠችው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

“ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር” አሉ። “እንጨት መሰንጠቂያ ሥራ አገኘሁ። አለቃው በመጀመሪያው ቀን ራሴን እያሳየ፣ ‘ወይ ይሄን ጨርቅ፣ ወይ ሥራውን’ አለኝ። ማታ በሠራተኛው መኝታ ቤት፣ ፊት መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ከተወለድሁ ጀምሮ መቀስ ያልነካውን ፀጉሬን በገዛ እጄ ቆረጥሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሱፍ ቆብ አድርጌ ሠራሁ። ለእናቴ ደብዳቤ ስጽፍ ፎቶ አልልክላትም ነበር።”

“አለቃው ምንነቱን ጠይቆዎት ነበር?”

“አልጠየቀኝም።”

“እርስዎስ ነግረውት ነበር?”

“በምን ቋንቋ ልንገረው? ‘እሺ’ እና ‘ነገ’ ብቻ ነበር የማውቅ።”

ኪራት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ያ ሰው አንድ ጧት፣ አንድ ጧት ብቻ፣ ሲያጥፉት የጨርቁን ሌላ ጫፍ ይዞልዎት ቢሆን ኖሮ፣ ‘ይሄን ጨርቅ’ ይልዎት ነበር?”

ጉርኔክ ሲንግ ዣንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ወይዘሮ ባልጂት ከኋላ፣ “ወንድም ጉርኔክ፣ ጨርቅዎስ?” ብለው ተጣሩ። 

በማግሥቱ ጧት ሽማግሌው እንደ ወትሮው ተነሡ። ስድስት ሜትር ጨርቅ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ሆኖ ወጥሮ ይይዛል፤ ከዚያ እየተቀባበሉ ያጥፉታል። አርባ አንድ ዓመት ያንን ጫፍ የያዙላቸው ባለቤታቸው ሃርባንስ ነበሩ፤ አንዳንዴ እያንቀላፉ፣ አንዳንዴ እየተቆጧቸው። ሃርባንስ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጉርኔክ ጨርቁን የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ላይ ያስሩታል።

የዚያን ዕለትም አሰሩት፣ አጠፉት፣ ጠመጠሙ። ከዚያ ደብዳቤውን ሊጽፉ ተቀመጡ።

“ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ ይህ ጠረጴዛ እንዲከለከል እንጠይቃለን። ምክንያቱም ጥምጣም ማለት…” ብለው ጀመሩ። ማለት ምን? ምንነቱን ካልገለጹላት ሴትዮዋ ለምን እንደምትከለክል በምን ታውቃለች? ስለ ፀጉሩ ጻፉ። ስለ ክብሩ ጻፉ። ሲፈታ እንደ ቆብ ከራስ ላይ እንደማይነሣ፣ ንብብር በንብብር እየተፈታ እንደሚታጠፍ፣ መሬት ላይ እንደማይጣል ጻፉ። ጨርቁ እንዴት እንደሚወጠር ሲጽፉ ግን ብዕራቸው ቆመ፤ ይህ በቃል አይገለጥም፤ ሌላኛው ሰው ጫፉን ካልያዘ አይገባውም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች መልሰው አነበቡት። ሊከለክሉ የተቀመጡ ሰውዬ አራት ገጽ ሙሉ ሲያስተምሩ ነበር። እነዚህን አራት ገጾች ለአንድም የውጭ ሰው በሕይወታቸው ነግረው አያውቁም ነበር።

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሱቁ ሄዱ።

“ባልጂት፣ ስፌቱን ፍቺው።”

“ሃያውንም?”

“ሃያውንም። ልጅቷንም ጥሪልኝ፤ ስድስቱንም ጓደኞቿን።”

በሰኞና በማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ሱቁ ትምህርት ቤት ሆነ። የጠረጴዛውን ወግ ያወጡት ጉርኔክ ናቸው፦ ጥምጣም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከፊቱ ላለው ሰው የጨርቁን ጫፍ መያዝ አለበት።

“ሰልፉስ ባባጂ?” አለች ኪራት። “እንዲህ ከሆነ በአንድ ሰልፍ ሃያ ሰው እንኳ አናዳርስም።”

“ሰልፉ ይጠብቅ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።”

ዓርብ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሆነ። በዩክሬኖቹ ጠረጴዛ ሰው ቀምሶ ያልፋል፣ በሜክሲኮዎቹ አጨብጭቦ ያልፋል። በጥምጣሙ ጠረጴዛ ግን የመጣው ሁሉ ይቆማል፤ ጨርቁ በአዳራሹ መካከል እንደ ድልድይ ተወጥሯል። ጉርኔክ ለማሳያ የራሳቸውን ሰማያዊ ጨርቅ አወጡና፣ “ለእኔ ማን ይይዝልኛል?” አሉ።

ከሰልፉ አንድ ረጅም፣ ጆሮዎቹ የቀሉ ልጅ ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ኪራት ሽማግሌውን በዓይኗ ጠቀሰቻቸው፤ ገባቸው። ኮልተን ነው።

“ያዝ” አሉት። ጫፉን ያዘ። ጨርቁ ወለሉን ሊነካ ሲል፣ “ጠበቅ! ጠበቅ አድርግ እንጂ! ዓሣ አጥምደህ አታውቅም?”

“አውቃለሁ ጌታዬ። ከአባቴ ጋር፣ በወንዙ።”

“ታዲያ ያው ነው። አትጎትተው፣ አትልቀቀውም።”

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ እየተቀራረቡ መጡ። መካከላቸው አንድ ክንድ ሲቀር ኮልተን ቀስ ብሎ፣ “በቤትዎስ ማን ይይዝልዎታል?” ሲል ጠየቃቸው።

“ቀድሞ ባለቤቴ ነበረች። አሁን የበሩ እጀታ ነው።”

 “ጎበዝ ነው እጀታው?” አለ ልጁ።

“ጎበዝ ነው። ወሬ አያውቅም እንጂ።”

ከዚያ ኮልተን ተራው ደርሶ ተጠመጠመለት። ጨርሶ ሊያወልቅ ሲል ሁለት እጁን ሽቅብ ላከና፣ መሀል ላይ ቆመ። “ይፈታል እንጂ አይነሣም፣ አይደል?” አለ ኪራትን እያየ። እሷም ጫፉን ያዘችለት።

ያን ዕለት ከሦስት መቶ ሰው የተጠመጠመለት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው። በተሰፋው ቢሆን ሁሉም ፎቶ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ነገር ግን ፎቶ የተነሣ ሰው የሚያስታውሰው የገዛ ፊቱን ነው፤ ጫፍ የያዘ ሰው ግን ሌላውን ሰው ያስታውሳል። ሽማግሌዎች የያዙትን ወግ ከነምክንያቱ ለወጣት ቢያስረዱ፣ ወጣቶችም አደባባይ ከማውጣታቸው በፊት ወጉን ከሚያውቀው ቢጠይቁ፣ ባህል መደበቂያም መቀለጃም ከመሆን ይድናል፤ ጎረቤትም ባለማወቅ ጎረቤቱን አያዋርድም። ጉርኔክ ያን አራት ገጽ ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሯ ሰጧት፤ መጀመሪያ ላይ ያለውን መስመር ብቻ ሰርዘው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያ ዝናባማ ሐሙስ ሳይገዙት የወጡትን ጨርቅ ሊገዙ ጨርቅ ቤቱ ሲገቡ ኪራትን እንደገና አገኟት። የዝናብ ቆቧን አልደረበችም።

“ትምህርት ቤት እንዴት ነው?” አሏት።

“ኮሪደር ላይ አዲስ ሰላምታ መጥቷል ባባጂ። ‘ዛሬ ማን ያዘልሽ?’ ይሉኛል። ‘እናቴ’ እላቸዋለሁ፤ እናቴ ማለዳ ሥራ የገባች ቀን ‘ማንም’ እላለሁ። ያኔ ያዝኑልኛል።” ሳቀች። “ኮልተን ደግሞ ባገኘኝ ቁጥር ‘የባባጂ እጀታ ደኅና ነው?’ ይለኛል።”

ሽማግሌው ጨርቁን በጣቶቻቸው ለኩ።

“ደኅና ነው በዪው” አሉ። “ግን አርጅቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ዕረፍት ይፈልጋል በዪው።”