በረኛው ዛሬ አይሰለፍም

ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ አወቁት።

«አንተ ያ አጥቂው አይደለህም እንዴ?»

«ነበርኩ፣ ጋሼ። ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ አሰልጣኝ ሆኛለሁ። ዛሬ የመጀመሪያ ጨዋታዬ ነው።»

«ታዲያ ምን ያሳስብሃል?»

«በረኛችንን አላሰለፍኩትም። አስር ዓመት አብረን ተጫውተናል፤ ሚዜዬም እሱ ነው።»

«ምን አደረገ?»

«ዓይኑ ደክሟል፤ ኳሱን ዘግይቶ ነው የሚያየው። ለማንም አልተናገረም።»

«ነገርከው?»

«ስደርስ እነግረዋለሁ።»

«ሰው ፊት? ኧረ ተው፣ ልጄ! አሁኑኑ ደውልለት።»

ደወለ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ አላሰለፍኩህም። ዓይንህን አይቻለሁ።»

ብዙ ሳይቆይ ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለህ?»

«‹መቼ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር› አለኝ።»

መውረጃዬ አብነት ነበር፤ እነሱን ስሰማ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፈኝ።